የአሥራ ሁለት ብር አስቤዛ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የሳምንቱን አስቤዛ ገዝታ ገባችና ፌስታሎቹን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘረገፈቻቸው። አንደኛው ተቀዶ ኖሮ አንድ ቀይ ሽንኩርት እየተንከባለለ እግሬ ሥር መጣ። አንሥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አፈሩ ገና አልለቀቀውም፤ የደረቀው ልጣጩ በጣቴ ስነካው ይንኮሻኮሻል።

«እማዬ፣ ለዚች ለዚች ብቻ ስንት እንዳወጣሁ ብነግርሽ ትደነግጫለሽ» አለችኝ።

ነገረችኝ፤ ደነገጥሁ። ግን ያስደነገጠኝ ዋጋው ብቻ አልነበረም። ያ ፀሐይ የጠጣ የቆላ አፈር ሽታ ከአርባ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶ ቆቦ ገበያ መሀል ገተረኝ።

ልንገራችሁ እስኪ።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ደርግ አገሩን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ትልቁ ድርቅ ገና አልመጣም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንወጣ ዕጣ አወጣንና ለእኔ ቆቦ ደረሰኝ። ከእኔ ጋር አንዲት የአዲስ አበባ ልጅም ደረሳት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ልጅ ነበረች። እሷ አማርኛ ልታስተምር፣ እኔ ሒሳብ። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታችን ላይ ተነፈሰብን። ጓደኛዬ ሻንጣዋን ይዛ ሾፌሩን «እዚህ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችው።

«ኧረ አይደለም፤ ዛሬማ ቀዝቀዝ ብሏል» ብሏት ሞተሩን አስነሣ።

ቀበሌው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ሰጠን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ጠዋት ጠዋት የዞብልን ተራሮች ሰማያዊ አድርጎ ያሳየናል። ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ጠረጴዛ ነበረን። ከደሞዛችን ግማሹ ወደየቤተሰቦቻችን ይሄዳል፤ ከቀረው ደግሞ መዋጮ የሚባል ነገር አለ፤ ለዚህ መዋጮ፣ ለዚያ መዋጮ። ስለዚህ ቁጭ ብለን ተነጋገርንና ለሳምንት አስቤዛ እያንዳንዳችን ስድስት ስድስት ብር እንድናዋጣ ወሰንን። አሥራ ሁለት ብር። ሁለት ሰው ከገበያ እስከ ገበያ የሚበላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገበያ የወጣችው እሷ ነበረች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ትወጣለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ዘንቢሏን ስፈትሽ ሁለት መደብ ሽንኩርት፣ ያላዘዝኳት ፓፓያ፣ አንድ ጊዜማ በብርሌ ማር አገኘሁባት። ከዕቃው የሚበልጠው ግን ወሬው ነው። የሽንኩርት ሻጯ ጥጃ እግሯን ተሰብራለች፤ የዶሮ ሻጩ ሽማግሌ ልጅ ራያን ሁሉ የሚያስወራ ድግስ ሊደግስ ነው፤ ጨው የሚሸጠው አፋር ግመሉ ጠፍታበት ተገኘች።

«ሽንኩርቱን በስንት ገዛሽው?»

«መደቡን በስሙኒ።»

«ስንት ብለውሽ?»

«ስሙኒ።»

አበድኩ። እኔ እኮ ደሴ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ካላቸው ቤተሰቦች ነው የተወለድኩት። እናቴ የመጀመሪያውን ዋጋ የከፈለ ሰው ካየች ከንፈሯን ትመጥለታለች። ለእኔ የተጠየቁትን መስጠት ማለት ገንዘብን መንገድ ላይ ከመበተን የሚተናነስ አልነበረም። ጓደኛዬን ቁጭ አድርጌ «ከዛሬ ጀምሮ ገበያ የእኔ ነው። አንቺ ውኃ ታስቀጃለሽ፣ ቤት ታዘጋጃለሽ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን በር ላይ ቆማ ጎዳናውን የሞላውን አህያና ሰው ስታይ አያታለሁ፤ ነገር ግን አንድም ቀን ልሂድ ብላኝ አታውቅም።

እኔ ግን ገበያውን በአንድ እግሩ አቆምኩት። ሽንኩርት መደቡ ስሙኒ ሲሉኝ አንዱን አንሥቼ እጨምቀዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ «ይሄማ በስብሷል» እላለሁ። «አሥራ አምስት ሳንቲም» ብዬ ጥዬ እሄዳለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ስቆጥር «ነይ እንግዲህ ውሰጂ» ይሉኛል። ቲማቲሙም፣ እንቁላሉም፣ ቅቤውም እንደዚያው። ከአሥራ ሁለቱ ብር አንዳንድ ሳምንት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ተርፎኝ እመለስ ነበር። ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ስደረድረው የሚሰማኝን ኩራት ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ለካ በገበያው ስም ወጥቶልኛል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ቀንሱ መጣች!» ይባባላሉ። እኔ ምስጋና መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን ጥር ሲያልቅ፣ የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሊጀመር ሲል፣ ለጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣላት። አንብባ ስትጨርስ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች።

እናቷ ናቸው የጻፉት። አባቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞቱባት፣ እናቷ መርካቶ በርበሬና ሽሮ እየነገዱ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጃቸው ናት። ቆላ መውረዷን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፤ በዓይኔ አይሻለሁ፤ ዝውውር የሚያስጨርስልን ዘመድ አግኝቻለሁ፤ ከስተሽ፣ ተጎሳቁለሽ ካገኘሁሽ ይዤሽ ነው የምመለሰው።

«እና?» አልኳት።

«እና እኔ መሄድ አልፈልግም» አለች። «ስድስተኛ ክፍሎቼ ገና አሁን ነው ማንበብ ጣም ያላቸው። ግን እናቴ ካለችኝ እምቢ ማለት አልችልም። ስታየኝ ደህና መሆኔን እንድታምን ነው የምፈልገው።»

እሷ ከሄደች በዚያች ቤት ብቻዬን እንደምቀር፣ ማታ ማታ እየሳቀች የምትነግረኝ ወሬ እንደሚቀርብኝ አሰብኩ። አፌ ግን «እንግዲያው በደንብ እናብላቸዋ!» አለ።

ችግሩ፣ ደሞዝ ሊወጣ አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል። እጃችን ላይ ያለው የሳምንቱ አሥራ ሁለት ብር ብቻ ነው። እናቷ የሚደርሱት ደግሞ በገበያው ቀን፣ ደሴ አድሮ በሚመጣው አውቶቡስ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዶሮ ያስፈልጋል፤ ቅቤ ያስፈልጋል፤ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ወተት። በወረቀት ላይ ብደምረው ብደምረው አሥራ ሁለት ብር አይችለውም። «አይዞሽ» አልኳት፣ «ለእኔ ተይው። ገበያው ያየኛል።»

እውነትም አየኝ።

በገበያው ቀን በማለዳ ወጣሁ። ማሽላው ተወቅቶ ያለቀበት ጊዜ ስለነበር ገበያው ጢም ብሏል። የግመል ሽታ፣ የቅቤ ሽታ፣ የአቧራ ሽታ፣ የፍየል ጩኸት። ቀጥታ ዶሮ ሻጩ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ቀይ ወፍራም ዶሮ ይዘዋል።

«ስንት ነው?»

«አራት ብር።»

«ሁለት ብር» አልኩና ጥያቸው ሄድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማንም አልጠራኝም። አራት፣ አምስት። ዞር ስል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አራት ብሩን ቆጥሮ ዶሮዋን ክንፏን ጨምድዶ ይዟታል። ሽማግሌው አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አደረጉ።

እንቁላል ሻጯ ጋ ሄድኩ፤ ስከራከር የኋላዬ ሰው ገዝቶ ሄደ። ቅቤውም እንደዚያው። ስጨነቅ ድምፄ እየበረታ፣ ድምፄ ሲበረታ ሰው ፊቱን እያዞረብኝ ሄደ። በመጨረሻ ሽንኩርት ሻጯ ፊት ቆምኩ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጠንካራ የራያ ሴት ናት፤ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። እንደ ልማዴ አንዱን ሽንኩርት አንሥቼ ጨመቅሁና «ይሄ እኮ በስብሷል» አልኳት።

ከእጄ ቀማችኝና መልሳ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ አልሸጥልሽም» አለች።

«እንዴት አትሸጪልኝም? ገንዘብ ይዤ!»

«ገንዘብሽን ያዥ። አንቺ ሽንኩርቴን ልትገዢ ነው የምትመጪ ወይስ ልትሰድቢው? ከሮቢት ድረስ በእግሬ እየገሰገስኩ ያመጣሁትን በየሳምንቱ በሰበሰ፣ በሰበሰ! ከበሰበሰ ምን ልታደርጊው ነው?»

በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሳቁ። አንዷ «ቀንሱ ዛሬ ተቀነሰች!» ስትል ገበያው በሙሉ የሳቀብኝ መሰለኝ። ጆሮዬ ጋለ። የስሙኒ ጨው ብቻ ገዝቼ፣ ዘንቢሌን እያንጠለጠልኩ ቤቴ ገባሁ። አሥራ አንድ ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ጓደኛዬ ገንዘቡን አየች፣ ዘንቢሉን አየች፣ ጨውን አየች።

«ይሄን ያህል አተረፍሽ?» አለችኝ።

ላለቅስ ስል እሷ ሳቀች። ወገቧን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች፤ እኔም እንባዬን እየጠረግሁ አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ተነሣች፤ ሻሿን አሰረች፤ ብሩን አንሥታ በመቀነቷ ቋጠረችና «ተነሺ፣ ነይ» አለችኝ።

ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ገበያው መሳሳት ጀምሯል። እኔ ከኋላዋ ተደብቄ ነበር ማለት ይቀላል። ቀጥ ብላ ሽንኩርት ሻጯ ጋ ሄደች። ሴትዮዋ ገና ስታያት ከመደቧ ተነሥታ አቀፈቻት።

«ኧረ የት ጠፋሽ የኔ እናት! ታመሽ ነው?»

«ደህና ነኝ እታለም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እንዴት ከረምሽ? ልጆቹ ደህና? ጥጃዋስ እግሯ ዳነ?»

«ዳነ እንጂ! እንደውም ስትዘል አጥር ታፈርሳለች።»

«ልጅሽስ? ደርሳ ነበር።»

«ወለደችልኝ! ወንድ ልጅ። ጌታ ይመስገን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ጓደኛዬ እልል አለች። እዚያው ገበያ መሀል! የአጠገቧ ሴቶችም ተቀበሏት። እኔ ቆሜ ሰዓቱን እያሰብኩ እቁነጠነጣለሁ፤ እነሱ ስለ ሕፃኑ ፀጉር ያወራሉ። ሰላምታው አልቆ፣ ደግሞ እንደ አዲስ ተጀምሮ፣ በመጨረሻ ጓደኛዬ «ዛሬ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ልጄ ተርባ ተጎድታለች ብላ እኮ ነው የምትመጣው፤ ካልተመቻት ይዛኝ ልትሄድ ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ቆቦ ልትራቢ? እኛ እያለን?» አለችና ወደ ገበያው ዞራ ጮኸች፤ «ኧረ ስሙ! የመምህሯ እናት ዛሬ ሊገቡ ነው! ልጄን አስራቧት ብለው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ የሒሳብ አስተማሪዋ እስከ ዛሬ ማስላት አልቻልኩም። ጓደኛዬ አራት መደብ ሽንኩርት በተጠየቀችው ዋጋ፣ በአንድ ብር ገዛች። ሴትዮዋ ምራቂ ብላ የጨመረችላት ግን ከገዛችው ይበልጣል። አሥር እንቁላል በብር ገዝታ አሥራ አራት ተቆጠረላት። ቅቤዋ በጣሳ ተለክቶ ካለቀ በኋላ በቅጠል ሌላ ተጠቀለለላት። ዶሮ ሻጩ ሽማግሌ ቅርጫታቸውን ገልጠው አንዲት ገብስማ ዶሮ አወጡ፤ «ወደ ቤት ልመልሳት ነበር፤ ለእንግዳ ከሆነማ ትውጣ» አሉ። አራት ብር ቆጥራ ሰጠቻቸው። እሳቸው ሃምሳ ሳንቲሙን መለሱላትና «ይቺ ለእናትሽ ስኳር» አሉ። ወደ እኔ አየት አድርገው ደግሞ «ለዚችኛዋ ግን አልቀነስኩም» ብለው ሳቁ።

ልንሄድ ስንል እግሬ አልሄድ አለኝ። ተመለስኩና ሽንኩርት ሻጯ ፊት ቆምኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ሽንኩርትሽ በስብሶ አያውቅም።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አውቃለሁ አለመበስበሱን» አለች። «አንቺ ክፉ ልጅ አይደለሽም። ሰላምታ ነው ያጠረሽ። ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት እኔን ጠይቂኝ። ከዚያ ወዲያ እንደፈለግሽ ተከራከሪኝ፤ ክርክር ማን ጠላ?»

ሁለት ሽንኩርት አንሥታ በእጄ አስጨበጠችኝ። እየሄድን ጓደኛዬ ዘንቢሉን በአንድ በኩል እንድይዝላት አቀበለችኝ። ከባድ ነበር።

ዶሮዋን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባረከልን። ሽንኩርቱን ስንከትፍ ዓይናችን ተቃጥሎ፣ ከሰሉን ስናራግብ ፊታችን ጠቁሮ፣ የወጡ ሽንኩርት ገና እየተቁላላ እያለ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ጓደኛዬ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች።

እናቷ አጠር ያሉ፣ ፊታቸው ክብ፣ ድምፃቸው ጉልህ ሴት ነበሩ። ከአውቶቡሱ ወርደው ልጃቸውን ጉንጯን ሲስሟት፣ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኧረ እኔ ልጥቆር! ጥላሸት መሰልሽ እኮ!» አሉ።

«ከሰል ነው እናቴ!» አለች፤ በሽርጧ ጠረገችው።

ክንዷን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው አዩ። «አልከሳሽም» አሉ፤ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። ከጣሪያው ላይ ሁለት ከረጢት ወረደ። ቤት ገብተን ሲፈቱት ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ በመጨረሻም በጨርቅ የተቋጠረ ሽንኩርት ወጣ። ከአዲስ አበባ ድረስ ሽንኩርት! ግድግዳው ሥር የተቆለለውን የእኛን ሽንኩርት አዩ፤ የእጃቸውን አዩ፤ ወደ ልጃቸው አዩ። እኔና ጓደኛዬ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው ሳቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ማማሰያውን ከእጄ ወሰዱ። «ሽንኩርቱ ገና ነው» አሉ፤ «ዞር በይ።»

ጎረቤታችን ሙስሊም አሮጊት ነበሩ። የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ እንቁላል ለብቻ ቀቀልንላቸው። እሳቸው ደግሞ የሞቀ ወተት በትልቅ ጣሳ ይዘው ገቡ። «ማሻ አላህ፣ እንግዳ መጣልን! ልጅዎ የእኛም ልጅ ናት፣ ሐሳብ አይግባዎ» አሏቸው። ሁለቱ እናቶች አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዷ ዶሮ፣ አንዷ እንቁላል እየበሉ፣ ስለ ጉልበት ሕመም መድኃኒት ሲጫወቱ አመሹ።

እናቷ እስከሚቀጥለው ገበያ ቆዩ። በገበያው ቀን ሦስታችንም ወጣን። እኔ በልቤ፣ አሁን የመርካቶ ነጋዴ ክርክር አያለሁ፣ ሠላሳ ዓመት የነገዱ ሴት ናቸው፣ ብያለሁ። ሽንኩርት ሻጯ ጋ ስንደርስ እኔ ቀድሜ ሰላምታ ጀመርኩ። ስለ ሕፃኑ ጠየቅሁ፣ ስለ ጥጃዋ ጠየቅሁ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቅሁ። ጓደኛዬ ከኋላዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። እናቷ ግን ትዕግሥታቸው አልቆ «ይሄ መደብ ስንት ነው?» አሉ።

«ስሙኒ» አለች ሴትዮዋ፣ ለክርክር እየተዘጋጀች።

«ይሄ ሁሉ? በስሙኒ?» ብለው ጮኹ። «ኧረ በጣም ርካሽ ነው!»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሽንኩርት ሻጯ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እናትሽማ የገበያ ሰው አይደሉም!» አለቻት ለጓደኛዬ። ከዚያ ወዲያ ገበያ መግዛት ቀረ። እናቷ ከረጢት ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ነጋዴዎች ስለ በርበሬ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ሴት ልጅን ብቻን ስለማሳደግ እስከ ቀትር አወሩ። ለካ ሽንኩርት ሻጯም ባሏ የሞተባት ነበረች። ይህን ሁሉ ጊዜ ስከራከራት አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ አውቶቡሱ ይነሣል ተብሎ ተጠባበቅን። ጓደኛዬ ከረዳቱ ጋር ሆና ከረጢቶቹን ጣሪያ ላይ ታስጭናለች፤ ባዶ የመጡ ይመስል በሽንኩርትና በማሽላ ሞልተዋቸዋል። እናቷ በእጃቸው ጠቀሱኝና ወደ ጎን ወሰዱኝ። ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ። ማኅተም አለበት።

«የዝውውሯ ደብዳቤ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከመምጣቴ በፊት አልቆ ነበር። አልነገርኳትም። አንቺ አብረሻት ታድሪያለሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። እዚህ ደስ ብሏት ነው ወይስ ለእኔ ብላ ነው የምትስቀው?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። እንዳትሄድብኝ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር ብል እንኳ ለእሷ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ በምን አውቃለሁ? ቀና ስል ጓደኛዬ ከረዳቱ ጋር የሆነ ነገር እየተባባለች ትስቃለች። አሁንም ዓይኗ ጠፍቷል።

«ደስ ብሏት ነው እማማ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። «እንዳትነግሪያት» አሉኝና ጉንጬን ሳሙኝ። የበርበሬ ሽታ ነበራቸው።

በሁለተኛው ዓመት ተዛውሬ የሄድኩት እኔ ሆንኩ፤ አባቴ ታምመው ደሴ ጠሩኝ። ጓደኛዬ እዚያው ቀረች። ድርቁ መጣ፤ ከዚያም ጦርነቱ ወደ ደቡብ እየገፋ መጣና መንገዱ ይዘጋ ጀመር። እናቷ አዲስ አበባ ላይ ያረፉት መንገዱ በተዘጋበት ወቅት ነው። መርዶው ለጓደኛዬ የደረሰው ከአርባቸው በኋላ ነበር። ይህን በደብዳቤ ስትጽፍልኝ አንድም የወቀሳ ቃል አልነበረበትም። እኔ ግን ያን ደብዳቤ አንብቤ ስጨርስ ያ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ትዝ አለኝ። ያን ቀን ሌላ መልስ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ እናቷን ራሷ ትቀብር ነበር። እሷ ቆቦ አገባች፤ ወለደች፤ ጡረታም እዚያው ወጣች። በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን። አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ልጄ አስቤዛውን ቦታ ቦታ አስይዛ ስትጨርስ፣ ስልኬን አንሥቼ ደወልኩላት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋት። ከዚያ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ቦርሳውን፣ ማኅተሙን፣ የጠየቁኝን፣ የመለስኩትን።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። በመጣች በማግሥቱ ቦርሳዋን ሳስተካክልላት አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ አሁን ታወጣዋለች፣ አሁን ታወጣዋለች እያልኩ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

«ቢያወጡት ኖሮስ?»

«እሄድ ነበራ፤ እናቴ አይደለችም?» አለች። ድምፅዋ ሸምግሏል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። «አላወጣችውም። ስንሰነባበት እንኳ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር። አላወጣችውም እኮ።»

ከስልኩ ወዲያ የልጅ ልጆቿ ሲጯጯሁ፣ አንዱ «እማማ፣ ራት ቀርቧል!» ሲላት ይሰማኝ ነበር።